ግማሹን ቁጥር ፍለጋ ወደ ሳጃና

ከካርቱም ከተመለስኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ቁጭ ሳይል የሚጠይቀኝ «ለመሆኑ ከተማው አለ?» ብሎ ነው። አለ። ተጎድቷል እንጂ አለ። ከእናንተ አብዛኛው እዚያ እንደማይሄድ ስለማውቅ ያየሁትን ከመነሻው እስከ መድረሻው በየቀኑ ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ስለ ጦርነቱ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው አታጡም። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ዲስክ፣ ስለ አንድ ቁጥርና ሻይ ስለፈሰሰበት ሱሪዬ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። መሥሪያ ቤቶች እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢገባ፣ ሌባ ቢሰብር፣ ኮምፒውተራቸውን ቫይረስ ቢቆልፍ ሥራቸው እንዳይቆም አስቀድሜ አዘጋጃቸዋለሁ። በአጭሩ ክፉ ክፉውን እያሰብኩ ደመወዝ እበላለሁ። ሚስቴ ሠርግ ቤት እንኳ መውጫው በር የት እንደሆነ ሳላይ እንደማልቀመጥ ለሰው እያወራች ትስቅብኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ካርቱም ሳጃና ሰፈር ያለ የሐበሾች ትንሽ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ ተጠልፎ ተቆለፈበት። የልጆቹ ስምና ውጤት ሁሉ ከዚያ ውስጥ ነበር። አንድ ወዳጄ ለመነኝና በስልክ ረዳኋቸው። ከወረቀት መዛግብት እንደገና አስለቅመን ከጻፍን በኋላ፣ ዳግመኛ እንዳይደርስባቸው ሕግ አወጣሁላቸው። መዝገቡ በዲስክ ይገለበጥ፤ ዲስኩ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ፤ በሃያ አራት አሃዝ ይቆለፍ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ሮማን ብቻ ይወቁ፤ የቀሩትን አሥራ ሁለት መዝገብ ያዡ መምህር ሙሉጌታ ብቻ። በወረቀት አይጻፍ፤ ለሰው አይነገር። ቁጥሩ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ዲስኩ ራሱን ያጠፋል። ይህን ሁሉ ስልክ ላይ እየጮህኩ ነው ያስጠናኋቸው። መምህር ሙሉጌታ አንድ ጊዜ «ወንድሜ፣ ብረሳውስ?» ቢለኝ «አይረሱም፣ አይችሉም» ብዬ ተቆጣሁት።

ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘረፈ። እትዬ ሮማን ዲስኩን ይዛ ሸሸች። መምህር ሙሉጌታ ስኳር ነበረበት፤ ገዳሪፍ እንደደረሰ መድኃኒት ጠፋና ሞተ። ቁጥሩም አብሮት ተቀበረ አልን። ሕጉን ስጽፍ ጎርፉንም ሌባውንም አስቤ፣ ሰው እንደሚሞት ረስቼው ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጉዳዩን ያነሳችው ሰልዋ ናት። ሰልዋ እናቷ የእኛ ሰው፣ አል-ማንሺያ ከሚባል የካርቱም ሰፈር ከአንድ ባለጸጋ ቤት ስትሠራ የኖረች፤ አባቷ ሱዳናዊ፣ ድሮ ያረፈ ሹፌር ነው። ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ መጥታ የነርሲንግ ኮሌጅ ፈተናውን አለፈች። የቀራት የትምህርት ቤቱ የውጤት ማስረጃ ብቻ ነበር፤ ምዝገባው ሊዘጋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቶት ነበር። እትዬ ሮማን ተመልሳ ካርቱም ገብታ ነበርና ደወልኩላት። ዲስኩን በሰው ላኪው ብላት አደራን ለአውቶቡስ ሹፌር እንደማትሰጥ ነግራ ስልኩን ዘጋችብኝ። ስለዚህ እግሬን አነሳሁ። ተስፋዬ አንድ ነበር፤ መምህር ሙሉጌታ ሕጌን ጥሶ ቁጥሩን አንድ ቦታ ጽፎት እንደሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሕግ እንዳይጥስ ስቆጣ ኖሬ፣ ተጥሶ እንዳገኘው ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ልሰናበታት ስሄድ ሰልዋ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። ለእትዬ ሮማን አንድ ኪሎ ሽሮ አሸክማኝ፣ እጄን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ባይገኝ መዓሌሽ፣ ግድ የለም። እርስዎ ግን ይመለሱ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

የመጀመሪያው ቀን፣ ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ወደ ፖርት ሱዳን በረርኩ። በጠዋቱ ብርድ ሹራቤን ደርቤ ወጥቼ፣ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ሙቀቱ ሲቀበለኝ የሰው ቤት ምድጃ የከፈትኩ መሰለኝ። ከፓስፖርት መስኮቱ ፊት ቆሜ ሻንጣዬን ስፈትሽ የላፕቶፔ ቻርጀር የለም። ቦሌ ፍተሻው ላይ ከሳህኑ ሳላነሳው ቀርቻለሁ። ለሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ያዙ እያልኩ የምለፈልፈው ሰውዬ፣ አንዱንም ሳልይዝ መጣሁ።

ያደርኩት አራት አልጋ ካለው ክፍል ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ከተማው በሰው ስለተጨናነቀ ብቻዬን የምተኛበት ጠፋ። አብረውኝ ያደሩት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የካርቱም ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ከሁለት ዓመት በላይ የቤቱን ቁልፍ ከአንገቱ ሳያወርድ የኖረ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የተጠበሰ ዓሣ በትልቅ ሳህን አቅርቦ ሁላችንም ከአንዱ እንድንበላ አደረገን። በዚህስ አገሬን አልናፈቅኩም። አጥንት የሚያንቀኝ መስሎት ዓሣውን እየፈለፈለ ወደ እኔ በኩል ሲገፋልኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። እየጎረስኩ እሺ ከማለት በቀር ምንም አረብኛ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ

ከንጋት በፊት አውቶቡስ ተሳፈርን። ከፖርት ሱዳን ሲወጡ ተራራ አለ፤ ራሰ በራ፣ ጥቁር፣ አንድ ቁጥቋጦ የሌለበት። የእኛን ደጋ ለለመደ ዓይን ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ አሸዋ ነው። ከቀትር በፊት ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም ጎማ ነፍስ የለውም። እኛ ጋ ቢሆን ሹፌሩ ላይ የማይጮህ ተሳፋሪ አይገኝም ነበር። እዚያ ግን ወንዶቹ ወርደው ምንጣፍ አነጠፉ፣ ሰገዱ፣ ሴቶቹ ቴምር አወጡ፤ ሹፌሩ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ እስኪያልፍ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። እኔ ብቻ እየተነሳሁ ሰዓቴን አየሁ። አንዲት አሮጊት ደረቅ ቴምር በእጄ ጨምረው በምልክት ቁጭ በል አሉኝ። ቁጭ አልኩ።

ጎማ ተገኝቶ ስንሳፈር ሹፌሩ ድንገት ነዳውና በእጄ የያዝኩት ሻይ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ወተት ያለው፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ነው። ሌላው ሱሪዬ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። አሮጊቷ ከራሳቸው የመጠጥ ውኃ አፍስሰው በጨርቅ ሊጠርጉልኝ ሲታገሉ ዕድፉን ከጉልበቴ ወደ ላይ ይበልጥ አሰፉት፤ አመሰገንኳቸው። አትባራ ስንደርስ መሽቶ ነበርና ሎካንዳ በሚሉት ርካሽ ማደሪያ ግቢ ውስጥ፣ በገመድ በተጠላለፈ አልጋ ላይ፣ ከሰማዩ በታች ተኛን። ሱሪዬ እንደ ካርቶን ደርቆ ነበር።

ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ከአትባራ ወደ ካርቱም ኬላው ብዙ ነው። በየኬላው ወርደን መታወቂያ አሳየን። አንድ ወታደር ላፕቶፔን አገላብጦ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። አስተማሪ ነኝ አልኩት። እውነቱን ብነግረው እስከ ዛሬ እያስረዳሁት እቆይ ነበር።

ካርቱም ከቀትር በኋላ ገባን። ጠቁረው የቆሙ ፎቆች አሉ፤ መስኮታቸው የወለቀ፣ ሽቦአቸው ሳይቀር ከግድግዳ የተነቀለ። ግን ደግሞ በየጣሪያው አዲስ የፀሐይ መብራት ተሰቅሏል፤ ውኃ በአህያ ጋሪ በርሜል ይዞራል፤ በየበሩ ለአላፊ አግዳሚው የሚቀመጠው የሸክላ ጋን፣ ዚር የሚሉት፣ ከነመጠጫው ተመልሶ ቦታው ላይ ቆሟል። ቤቱ ጣሪያ የሌለው ሰው በሩ ላይ ለመንገደኛ ውኃ ሲያስቀምጥ አየሁ። እኛ ጋ መጀመሪያ አጥሩን ነበር የምናጥረው።

እትዬ ሮማን ሳጃና ከሚገባው መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖረች፣ ዓርብና ረቡዕን የማታፈርስ፣ ስትናደድ በአረብኛ የምትቆጣ ሴት ናት። ድምጿን በስልክ ለምጄው ግዙፍ ሴት ስጠብቅ ትከሻዬ ድረስ እንኳ አትደርስም። እየሳመችኝ «ይህ ሱሪ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሌላው ሰላምታ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የተከተለው።

ከእሷ ጋር ልጇ ሃናዲ ነበረች። ሃናዲ አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ በፀሐይ መብራት የሰፈሩን ሰው ስልክ ቻርጅ የምታደርግበት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። አማርኛዋ ሸርተት ይላል። ማንንም ትልቅ ሰው አንቱ ማለት አታውቅበትም፤ እኔንም ገና ስታየኝ «አንተ ደክሞሃል፣ ያላ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። አገሬ ሆኖ ቢሆን ቅር ይለኝ ነበር። እዚያ ግን የዘመድ ልጅ የጠራችኝ ያህል ደስ አለኝ። ቻርጀሬን ቦሌ እንደረሳሁ ስነግራት ከሱቋ ስድስት ዓይነት አምጥታ አንደኛው ልክ ሆነ።

ራት ላይ እትዬ ሮማን ዲስኩን አወጣችው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ከበርበሬ ጣሳ ውስጥ ነበር። ሸሽታ ስትሄድ አንድ ታጣቂ ጣሳውን ከፍቶ እጁን ሰደደ፤ ገና ዲስኩን ሳይነካ አስነጠሰው፤ ከዚያ በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ። እያለቀሰ በሩን በእግሩ ገፍቶ ሂጂ አላት። የትምህርት ቤቱ ማኅተምም ከዚያው ጣሳ ነው የወጣው። ይህን እየሳቀች ነግራኝ ስታበቃ ድምጿ ዝቅ አለ። ሰባት ጊዜ ሞክራለች። የመምህር ሙሉጌታን የልደት ቀን፣ የልጆቹን፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትን ዕለት እያገጣጠመች። የቀሩን ሦስት ሙከራዎች ብቻ ናቸው።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁና ዘጋሁት።

አራተኛው ቀን፣ ዓርብ

ከሃናዲ ጋር የመምህር ሙሉጌታ ቤት ሄድን። ከእነሱ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። በር የለም፣ መስኮት የለም፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ተነቅሏል። ቀኑን ሙሉ ፈለግን። ከግድግዳው ላይ፣ ከበሩ መቃን በስተጀርባ፣ ከተበተኑት ወረቀቶች መካከል። የልጆች ደብተር አገኘን፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሟቸዋል፣ ከየስህተቱ ሥር «ደግመህ ሞክር» እያለ። አሥራ ሁለት አሃዝ ግን የትም የለም። ታዛዥ ሰው ነበር። ያልኩትን ሁሉ እንዳልኩት ፈጽሟል።

ከመሬት ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም፤ ስለ ሰልዋም ነው፣ «ብረሳውስ?» ስላለኝ ጊዜም ነው። ሃናዲ አጠገቤ ተቀመጠች። የደብተሮቹን አቧራ እያራገፈች አንድ ላይ ደረደረቻቸው።

ስንመለስ ከሰፈሩ የነጻ ማዕድ ቤት አለፍን። ሰዎች ድስት ይዘው ተሰልፈዋል። እንግዳ መሆኔን ሲያውቁ ከወረፋው ፊት አስቀድመው ምስር ቀዱልኝ። አይሆንም ብል ሃናዲ ክንዴን ጎነጠችኝ፤ እንቢ ማለት እዚያ ነውር ነው። እትዬ ሮማን ደግሞ ሱሪዬን አስወልቃ፣ የሟች ባሏን ጀላቢያ አልብሳ፣ ሱሪውን ለሐጅ ኡስማን ላከችው። ሐጅ ኡስማን የሰፈሩ ልብስ አጣቢና ተኳሽ ናቸው፤ ሸንዲ ከተማ ከዘመዶቻቸው ጋር ቆይተው ከተመለሱ አራት ቀናቸው ነበር። ከመምህር ሙሉጌታ ጋር ጎረቤትና የሻይ ወዳጅ ነበሩ። ስለ እሱ ሲጠይቋት እትዬ ሮማን ገዳሪፍ ነው ብላቸዋለች። ውሸት አይደለም፤ መሞቱን ግን መናገር አቅቷታል።

አምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከሃናዲ ጋር ሱሪዬን ላመጣ ሄድኩ፤ በጀላቢያ፣ እየተደናቀፍኩ። ሐጅ ኡስማን ከአንድ የሸራ ጥላ ሥር በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ፤ መብራት ገና አልተመለሰም። ሱሪው እንዳልደረሰ፣ ዕድፉ ሁለተኛ እጥበት እንደፈለገ ነገሩኝና ወንበር ሰጡኝ። ከዚያ በሃናዲ በኩል ከአዲስ አበባ መሆኔን ጠየቁ። ሙሉጌታን አውቀው እንደሆነም። አዎ አልኩ።

መቼ ነው የሚመጣው አሉ።

ሃናዲ አልተረጎመችልኝም፤ ገብቶኛል። ለእሳት ለጎርፉ የማዘጋጅ ሰው ለዚህ ምንም አላዘጋጀሁም ነበር። እትዬ ሮማን ያቃታትን እኔ ተናገርኩት፤ ስኳሩን፣ መድኃኒት መታጣቱን፣ ገዳሪፍ መቀበሩን። ሃናዲ እያንዳንዱን በቀስታ ነገረቻቸው። ሐጅ ካውያውን ከማስቀመጫው ላይ አቆሙ። ጀምረውት የነበረውን ሸሚዝ እጥፍጥፍ አድርገው ወደ ጎን አኖሩ። እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ፤ ሃናዲም ዘረጋች፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። 

በኋላ ቀና ብለው አዩኝና አንድ ነገር ጠየቁ። ሃናዲ አፈረች። «አንተ፣ ያ የሚቆጣው ሰውዬ ነህ ወይ ይላል። መዓሌሽ፣ እሱ ነው ያለው።»

«ነኝ» አልኩ።

ሐጅ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተለያዩ ቀን ሙሉጌታ ከዚሁ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንድ አማና እንደሰጣቸው ነገሩን፤ አማና የሚሉት እኛ አደራ የምንለውን ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ሰውዬ ይመጣል፣ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል፣ ለእሱ ብቻ ስጥልኝ ብሏቸው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ ድግምት በዜማ ጀመሩ።

«ሦስት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት...»

በአማርኛ ነው! ደህና አደሩ እንኳ በአማርኛ ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ነው። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬ ተቀይሯል፣ ግን ልማዴ ነው።

ሐጅ ቁጥር መሆኑንም አያውቁም። የሙሉጌታ ሰዎች ጸሎት ነው ብለው ነበር የያዙት። በልጅነታቸው ቁርዓንን በጆሮ ብቻ ሰምተው ያጠኑ ናቸው፤ ሙሉጌታም እንደዚያው እየደጋገመ አስጠናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳይጠፋባቸው በየማለዳው ከሶላት በኋላ አንድ ጊዜ ይሉታል። ሸንዲ በሰው በተጨናነቀ ክፍል ውስጥም ብለውታል። መንገድ ላይ ሻንጣቸው ሲወሰድም፣ ይህን አልወሰዱብኝም ብለው ተጽናንተዋል።

ለሰው አይነገር ብዬ ነበር። ሙሉጌታ ለሰው ነገረ። እንዲህ ያለ ስህተት እሱና እዚያ ሰፈር ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚሠሩት፤ አሥራ ሁለት አሃዝ ቋንቋውን ለማይሰማ ጎረቤት አደራ ብሎ መሄድ። እግዜር ይስጠው።

እትዬ ሮማንን ጠራናት። ጣሳዋን አቅፋ መጣች። ላፕቶፑን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዲስኩን ሰካነው። «ዞር በል፣ ሕጉ ነው» አለችኝ። የገዛ ሕጌ ነውና ዞርኩ። የራሷን ግማሽ ስትጨርስ ሐጅ ቀጠሉ፣ እኔም እየሰማሁ ጻፍኩ። ሐጅ ፈጣን ናቸው፣ እኔ ደግሞ ቁልፉን እየፈለግኩ ወደ ኋላ ቀረሁ። አንዱን አሃዝ ዘልዬ ኖሮ ላፕቶፑ «ስህተት ነው፣ ሁለት ሙከራ ቀርቷችኋል» አለን።

ቀስ ይበሉ ብንላቸው አልቻሉም። በዜማ የያዙት ነገር ነው፤ ከመሐል ካቆሙ ከመጀመሪያው መጀመር አለባቸው። በስልኬ ልቅዳው አልኩና ራሴን ከለከልኩ። በወረቀትም እንዳንጽፍ ከልክያለሁ። ያኔ ሃናዲ ሐጅ ልብስ ላይ ምልክት የሚያደርጉበትን ጠመኔ አነሳች። ሐጅ ሙሉውን አሉት፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ብቻ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩ። ደግመው አሉት፣ የመሐሉን አራት። ሦስተኛ ጊዜ፣ የመጨረሻውን። አራተኛ ጊዜ ሲሉት በጠመኔው እየተከተልኩ አረጋገጥኩ። እትዬ ሮማን እንደገና ልትጽፍ ስትል ሐጅ ኡስማን ማንም ሳይነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የቀረውን እኔ ከጠመኔው እያየሁ ጻፍኩ፤ ተከፈተ። የልጆቹ ስም በፊደል ተራ ወረደ። ሰልዋ ከስሞቹ መሐል ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ መጨረሻው፣ ከነውጤቷ። እትዬ ሮማን ከመሬት ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ዲስኩ በርበሬ በርበሬ ይሸት ስለነበር ሁላችንም ዓይናችንን በእሱ አመካኘን። ሐጅ እርጥብ ጨርቃቸውን አንስተው የጠመኔውን ጽሑፍ ጠረጉት፤ ከዚያ ካውያውን አሙቀው ሱሪዬን መተኮስ ቀጠሉ።

ሃናዲ ከምታውቀው ሰው ማተሚያ ተውሳ አመጣች። ማስረጃው ወጣ፣ እትዬ ሮማን ፈረመች፣ ከጣሳው የወጣውን ማኅተም መታችበት። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን በሙሉ ቀየርኩ፤ ሕጉንም አብሬ። አሁን ቁጥር የያዘ ሰው ሁሉ ተተኪ አለው። የእትዬ ሮማን ተተኪ ሃናዲ ናት። የሁለተኛውን ግማሽ ለጊዜው እኔ ይዤዋለሁ፤ ተተኪዬን አልነግራችሁም።

ስድስተኛው ቀን፣ እሑድ

በማለዳ ተነስቼ ልሰናበት ወደ ሐጅ ሄድኩ፤ በተተኮሰ ሱሪ፣ ዋጋውን አልቀበልም ባሉኝ። ከሸራው በስተጀርባ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሶላታቸውን ጨርሰው «ሦስት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት» ይላሉ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ። በዚያች በማውቃት ጥቂት አረብኛና በእጄ ምልክት ቁጥሩ እንደተቀየረ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚህ በኋላ መያዝ እንደማይጠበቅባቸው ላስረዳቸው ሞከርኩ። ገባቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሙሉጌታ» ብቻ አሉኝ። አቀፍኳቸው። ወደ አውቶቡሱ ስሄድ መንገዱ ሁሉ ፈዘዘብኝ።

ስለ መልሱ መንገድ ብዙ የምለው የለኝም። ጎማ አልፈነዳም፣ ሻይም አልጠጣሁም። ወረቀቱን ከሸሚዜ ውስጥ፣ ከቆዳዬ ላይ ይዤው ነው የመጣሁት። የኮሌጁ ሬጅስትራር ተቀብላ ስታገላብጠው አስነጠሳት፤ ከዚያ ሰልዋን መዘገበቻት።

ባለፈው እሑድ ሰልዋ ቤቴ መጥታ ለሐጅ ኡስማን ምስጋና ማድረስ አለብኝ አለች። በሃናዲ ስልክ አገናኘኋቸው። አረብኛዋ የእናት ቋንቋዋን ያህል ነውና ብዙ ተጨዋወቱ። የመምህር ሙሉጌታ ተማሪ መሆኗንም ነገረቻቸው። ሐጅ ያንን ቁጥር ጀመሩላት፤ ተከተይኝ ማለታቸው ነው። ተከተለቻቸው። ሰባተኛው ላይ ተሳሳተችና ከመጀመሪያው አስጀመሯት። እንደገና ተሳሳተች፤ እንደገና አስጀመሯት። ለሰው አይነገር ያልኩት ሰውዬ ከሶፋው ላይ ሆኜ፣ ምንም የማይከፍት ቁጥር ለሁለተኛ ሰው ሲነገር እየሰማሁ፣ እንድትይዘው በልቤ እለምን ነበር።

በአራተኛው ጊዜ ሙሉውን አለችው። ሐጅ የተናገሩትን ሰልዋ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ኸላስ፣ አሁን ሁለት ሆንን ይላሉ።»